ሰባት ደቂቃ የቀደመ አዛን

አባቴ ካለፈ ወዲህ ሰዓቱን በየጠዋቱ የምሞላው እኔ ነኝ። መሙያው ከጣቴ ሥር ክርር ክርር ሲል ደስ ይለኛል። የቆዳ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሽታው ግን ያው የላብና የሳሙና ነው። ስልክ አጠገብ አላስቀምጠውም፤ ቴሌቪዥን ላይም። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። የዚህን ሰዓት አመል የማውቀው እኔ ነኝ።

አባቴ ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ የሰፈራችን መስጊድ ሙአዚን፣ አዛን ባይ ነበር። አስራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ረመዳን ከክረምቱ ጋር ገጠመ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማው ላይ ስለሚተኛ ፀሐይ መጥለቋን የሚያይ ሰው አልነበረም። ሰፈሩ የሚያምነው የአባቴን ሰዓት ነው።

አንድ ቀን አባቴ የመግሪብን፣ የማፍጠሪያውን አዛን አለ። ተምሩን ዋጥን፤ ሾርባውንም ጀመርን። ከሰባት ደቂቃ በኋላ ከታችኛው መስጊድ አዛን ተሰማ። እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አባቴ ያን ምሽት ሰው ፊት ቆሞ፣ «ጾማችሁን ያስገደፍኳችሁ እኔ ነኝ፤ አፉ በሉኝ» አለ። ሰዉም አፉ አለው። ምላሷ ምላጭ የሆነው ጎረቤታችን ግን ግቢያችን ድረስ መጥታ፣ «አፉስ ብለናል፤ በምትኩ ሌላ ቀን ጾመን ቀዷውን የምናወጣው ግን እኛ ነን» አለች። እውነቷን ነበር።

በማግስቱ አዛኑን የመድረሳው አስተማሪ ያዘ። አባቴ ሰዓቱን ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ድምፁም አብሮ ተከተተ። ስንት ዓመት ሰፈር ሲጠራ የኖረ ሰው «ውሃ ስጡኝ» ማለት እንኳ ያፍር ጀመር። ያ አንገበገበኝ።

ሰዓቱን ከሳጥን አውጥቼ ፒያሳ ሰዓት ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ሰዓት ሠሪው ከፍቶ አጠበው፤ ዘይት ቀባው። ቤት ወስጄ ከሬዲዮ ጋር ሳስተያየው አሁንም ይቀድማል። መለስኩለት፤ አሁንም ይቀድማል። በሦስተኛው፣ «እህቴ፣ አርጅቷል። ሰውስ ሲያረጅ ይሳሳት የለ?» አለኝ።

«አባቴ አልተሳሳተም» አልኩት። እሱ ስለ ሰዓቱ ነው የሚያወራው፤ እኔ የማስበው ሌላ። ከበሩ አልነቃነቅ ስለው፣ «እንግዲያስ ኮምቦልቻ ውረጂ። የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸው ካቃታቸው ተይው» አለኝ። ከኔ ለመገላገል ይመስለኛል።

ጾሜን እንደያዝኩ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ለደሴ ብርድ የለበስኩትን ሹራብ የኮምቦልቻ ሙቀት አስወለቀኝ። ማተብ ያሰሩት ሽማግሌ በረንዳቸው ላይ ተቀበሉኝ። ሰዓቱን አልከፈቱትም። ኮምፓስ አምጥተው አጠገቡ ሲያስቀምጡ መርፌው ዞሮ ወደ ሰዓቱ ቆመ።

«አባትሽ ይህን የት ነው የሚያኖሩት?»

ከሶላት በፊት ለውዱእ ሲታጠብ ያወልቀዋል። ከዚያ ደቂቃውን እያየ አዛን እንዲል ድምፅ ማጉያው ላይ ያስቀምጠዋል። ድምፅ ማጉያው ደግሞ ለዚያ ረመዳን ብሎ ሰፈሩ አዋጥቶ የገዛው፣ አዲስና ትልቅ ነው። ይህን ስነግራቸው ሳቁ።

«እዚያ ውስጥ ጡጫ የሚያህል ማግኔት አለ። ማግኔት የያዘው ሰዓት ይፈጥናል። በይ ንገሪያቸው፤ ሰዓቱም አላረጀ፣ እሳቸውም አልተሳሳቱ።»

ወላሂ፣ እዚያው በረንዳ ላይ አለቀስኩ። ሽማግሌው ከአሮጌ ሞተር የፈቱት የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነበራቸው። ኤሌክትሪክ ሰጡትና ማግኔቱ እንዲለቀው ሰዓቱን በመሃሉ ቀስ አድርገው አሳለፉት። «ሻይ እንዳልልሽ ጾመኛ ነሽ። ሂጂ አድርሺላቸው» አሉኝ።

አባቴ አላመነኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ሬዲዮ እየሰማ ፈተነው፤ እኔ ደግሞ ከሬዲዮው አርቀው እያልኩ ስጨቀጭቀው ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ሰዓቱን አስሮ አዛን ሊል ወደ መስጊድ ወጣ።

እኛ ተምራችንን ይዘን ግቢ ውስጥ ተቀመጥን፤ ጎረቤታችንም መጣች። ከታችኛው መስጊድ አዛን ተሰማ። የኛ ዝም አለ። ሰዓቱ ከገባ ማፍጠርን ማቻኮል ሱና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ ፈርቶ ነው፤ ደቂቃው መድረሱን እያየ ፈርቶ ነው። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት። ወንድሜ ተምሩን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ጎረቤታችን እጁን ያዘችው።

«ቆይ» አለችው፤ «የኛ ሰውዬ ገና አላሉም።»