አንድ ሰዓት የማይሞላው መንገድ

በደርግ ጊዜ ጅማ የተመደበብን ካድሬ፣ በየስብሰባው «አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም» ሳይል አይቀመጥም ነበር። እኛ ግን ቡና ይዞ መውጣት ክልክል ስለነበር፣ በየኬላው ከአውቶቡስ እየወረድን ስንፈተሽ ይመሽብናል። ቡና ደባቂ እያለ የሚሰድበንም ይኸው ሰው ነው።

አንድ ክረምት አውሮፕላኑ በዝናብ ምክንያት ቀረና፣ አጅሬ አፍንጫውን ነፍቶ ከእኛ ጋር ተሳፈረ። ጊቤ ኬላ ላይ ፈታሹ ሻንጣውን ክፈት ሲለው «ማን መሆኔን ታውቃለህ?» ብሎ ደነፋ። ፈታሹ ግን ሻንጣውን ራሱ ሲከፍተው፣ ከታጠፈው ኮት ሥር የሊሙ ቡና ተዘረገፈ።

አጠገቤ የቆሙት የጅማው ሄርማታ ሰፈር ሽማግሌ አዩትና «ያ ረቢ! ልጄ፣ ለካ መንገዱ የሚያጥርልህ ሰማይ ላይ ኬላ ስለሌለ ነው» አሉት።