በሲሙሌተር የሠራው ማስፈልፈያ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደብረ ብርሃን ውስጥ ማይክሮኮንትሮለር ለሚባለው ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቺፕ ፕሮግራም መጻፍ ለሚማሩ ወጣቶች ሁለት አሰምብለሮችንና ሦስት ሲሙሌተሮችን የሚያወዳድር ጽሑፍ አዘጋጅቼ ነበር። አሰምብለር ተማሪው በቃላት የጻፈውን ትእዛዝ ቺፑ ወደሚያውቀው ቁጥር ይለውጣል፤ ሲሙሌተር ደግሞ እውነተኛው ቺፕ በሌለበት፣ ቺፑን መስሎ ያንኑ ትእዛዝ በኮምፒውተር ላይ ይፈጽማል። አሰምብለሮቹን በጥንቃቄ መረመርኩ። ስለ ሲሙሌተሮቹ ግን «በዚህ ላይ የሠራ ፕሮግራም በቺፑም ላይ ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ። በቺፑ ላይ አልሞከርኩትም። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሰው ፊት መበየጃ መያዝ አሳፍሮኝ ነበር።

ጽሑፉን ካነበቡት አንዷ፣ ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው ከመጡ ቤተሰቦቿ ጋር መጠለያ ውስጥ የምትኖር ተማሪ ናት። ሁለተኛ ዓመት ትሁን ሦስተኛ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የመጠለያው ሴቶች ዶሮ ለማርባት ተሰባስበው፣ እንቁላሉን ከእነዋሪ ገበያ አስመጥተው፣ ማስፈልፈያውን እንድትሠራ ለእርሷ ሰጧት። አንድ የእንጨት ሣጥን፣ እንቁላሉን የሚያሞቁ ሁለት አምፖሎችና እነሱን የሚያበራና የሚያጠፋ አንድ ቺፕ ነበር። ፕሮግራሙን አምጥታ አሳየችኝ። ሲሙሌተሩ ላይ አምፖሎቹ በደቂቃቸው ይበራሉ፣ በደቂቃቸው ይጠፋሉ።

«መምህር፣ እንቁላሉን ሳላስገባ ጥቂት ቀን ቺፑ ላይ ልሞክረው?»

«እዚህ ከሠራ ምን ያስፈራሻል?» አልኳት።

እንቁላሉ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። ሲሙሌተር በተነሣ ቁጥር ሜሞሪውን ሁሉ ዜሮ አድርጎ ይጀምራል፤ እውነተኛው ቺፕ ግን መብራት ሲመጣ በአጋጣሚ የተገኘውን ቁጥር ይዞ ይነሣል። የመጀመሪያው ቀን በዕድል ዜሮ አግኝቶ ኖሯል። አሁን ግን ደቂቃ የሚቆጥረው የሜሞሪ ቦታ በሌላ ቁጥር ተነሣ፤ አምፖሎቹ ሳይጠፉ ቀሩ፤ እንቁላሎቹም ከሙቀቱ ብዛት በሙሉ ተበላሹ።

ሴቶቹ ስብሰባ ጠርተው እኔም እንድገኝ ጠየቁኝ።

«ጫጩት ብንላት ቅቅል አቀረበችልን» አለች ሰብሳቢያቸው። ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ትችላለች ወይስ ሥራውን ለሌላ እንስጠው?»

«ልጅ ናት» አልኩ። «ገና ትማራለች።»

ደግ ንግግር ይመስል ነበር። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንዳትሞክር የከለከልኳት እኔ መሆኔን ታውቃለች፤ ነገር ግን ታላቅን ሰው ፊት ማሳፈር ስላልፈለገች ይመስለኛል፣ ዝም አለች። ሣጥኑን ወሰዱባት።

በማላውቀው ነገር ተሳሳትኩ ማለት ብችል ደስ ባለኝ። የቺፑ መምሪያ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ቺፑ ሲነሣ ሜሞሪው ምን እንደሚይዝ እንደማይታወቅ የሚናገር አንድ መስመር አለው፤ ከሥሩም በእርሳስ ተሰምሮበታል። ያሰመርኩበትም እኔው ነኝ። ጽሑፌን ከማዘጋጀቴ በፊት ይሁን በኋላ አላስታውስም። በኋላ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ መርሳቴን መሸሸጊያ እያደረግኩት እንደሆነም እጠረጥራለሁ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቼ ወደ መጠለያው ሄድኩ። ሰብሳቢዋ ከሌሎቹ ሴቶችና ከልጅቷ ጋር ተቀምጣ ገብስ ትለቅም ነበር።

«ልሞክረው ብላኝ ነበር፤ አያስፈልግም ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቺፑን ሳልሞክር ነው የጻፍኩት።»

ሰብሳቢዋ ከገብሱ ላይ እጇን አላነሣችም።

«እኛ ማሽን አናውቅም፣ መምህር። ያን ቀን የጠየቅኩዎት ስለ ማሽኑ አልነበረም። ስለ ልጅቷ ነበር።»

መልሴንም ሳትጠብቅ አጠገቧ ለነበረችው ሴት «ሣጥኑን መልሺላት» አለቻት።

ልጅቷ ሣጥኑን ተቀብላ፣ ስለ መጣሁ አመስግና እስከ በሩ ሸኘችኝ። አስተካክላ የጻፈችውን አዲስ ፕሮግራም ግን አላሳየችኝም፤ እኔም አሳዪኝ ለማለት አልደፈርኩም።