ሰላምታው መልስ ነበረው

ዜናው የደረሰኝ እዚያው፣ ጂዳ፣ ተርሒሉ ውስጥ ታስሬ ሳለሁ ነው። ተርሒል የምንለው ወረቀት የሌለው ሰው ወደ አገሩ እስኪሸኝ የሚቆይበትን እስር ቤት ነው። አንዲት የወሎ ሐይቅ ልጅ ስልኳን በልብሷ መሀል ደብቃ አስገብታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ ሰክታ የአገር ቤት ዜና ስትሰማ ቆየችና ብርድ ልብሱን ከፊቷ ላይ ገለጥ አደረገችው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች። «ወጥታችኋል።»

«ማን ነው የወጣው?»

«ሁላችሁም። ጂዳ ያለው የሴቶች አዳራሽ ባዶ ነው፣ አንድም ዜጋ አልቀረም ተባለ። የመንግሥት ልዑካን በአካል ሄደን አይተናል ነው የሚሉት።»

መጀመሪያ ተሳቀ። ከወዲያ ጥግ አንዷ፣ «አገሬ ከገባሁ ታዲያ ይሄ ጀርባዬን የሚወጋኝ ሲሚንቶ የማን ነው?» አለች።

«ዝም በይ! ጅን ሆነሻል። ጅን ጀርባ የለውም» አለቻት ሌላዋ።

ከዚያ ሳቁ ባንዴ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በቀኝ እጇ የግራ ክንዷን ቀስ ብላ ስትዳብስ አየሁ። ሥጋው መኖሩን የምታረጋግጥ ትመስል ነበር። «ጅን» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። የትናንት ቃል ነው።

እኔ የተያዝኩት ከመካ ወደ ጂዳ ስመጣ መንገድ ላይ ነው። መካ፣ ዛሂር የሚባል ሰፈር፣ ሰው ቤት እሠራ ነበር። ከፊሌ፣ ማለት ለኔ ኃላፊነት የወሰደው ጂዳ ያለው ሰው፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ሳያሳድስ ቀርቷል። ፖሊሱ ካርዱን አገላብጦ አየውና ኪሱ ከተተው። አልተቆጣም፤ ወደ መኪናው በአገጩ ብቻ አመለከተኝ።

አዳራሹ መስኮት የለውም። መብራቱ አይጠፋም። ውጭ አሸዋው እየነደደ እኛ ከማቀዝቀዣው ብርድ የተነሳ ጥርሳችን ይንገጫገጫል። ሰዓት የምናውቀው በአዛን ነው፤ እሱም ግድግዳውን አልፎ ሲደርሰን ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚጣራ ሰው ድምፅ ይመስላል። የገባሁ ዕለት ከመካ መምጣቴን ሲሰሙ፣ «ሐጅየዋ መጣች! ቦታ ልቀቁ!» ብለው ተቀበሉኝ።

«መካ ኖረሽ ካዕባን አይተሽዋል ግን?»

«ስዞር የኖርኩት የማዳሜን ኩሽና ነው» አልኳቸውና ወዲያው አስተግፊሩላህ አልኩ። እነሱ ግን እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

ቦታ የሰጠችኝ አንዲት የወረባቦ ልጅ ናት። ወረባቦዋ እንላት ነበር። ከነበረችበት ቤት ለማምለጥ ከሰገነት ስትዘል ግራ እግሯ ተሰብሮ፣ ሐኪም ሳያየው ጠሞ ገጥሟል። በሰላምታ ነገር የማትበገር ናት። «አሰላሙ ዐለይኩም» ካሏት እንደኛ «ወዐለይኩም ሰላም» ብላ አትተወውም፤ በእንቅልፍ ልቧም ቢሆን እስከ መጨረሻው፣ እስከ «ወበረካቱህ» ታደርሰዋለች።

«ያንቺ ሰላምታ እስኪያልቅ አውሮፕላኑ ጥሎን ይሄዳል» ትላታለች የሐይቋ ልጅ።

«ይሂዳ! እኔ ሰላም ያለኝን ሰው ደጅ አላቆምም።»

ከዜናው በፊት በነበረው ቀን፣ ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ሊደርስ ሲል፣ ጠባቂዋ በሩን በርግዳ ገባች። «ያላ! ኩሉ ሐማም!» ሁላችሁም ወደ ሐማም ማለቷ ነው። ብርድ ልብሱም፣ ፌስታሉም፣ ጫማውም አብሮ ይግባ አለች። ሐማሙ ከአዳራሹ ጀርባ፣ በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ በኩል ነው፤ መታጠቢያውም ሽንት ቤቱም አንድ ላይ። ሁላችንም ዕቃችንን ታቅፈን ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆምን። ወረባቦዋ እግሯን እየጎተተች መጨረሻ ስለገባች በሩ ሥር ቀረች። ጠባቂዋ አብራን ገብታ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። በሩ መዝጊያው የተሰበረ ስለሆነ ገርበብ እንዳለ ነው።

እምነታችንን የማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ሽንት ቤት ውስጥ የአላህ ስም አይነሳም። ዱዓ አይደረግም። ሰላምታ ቢሰጡሽም አትመልሺም፣ ሰላም ራሱ ከአላህ ስሞች አንዱ ነውና። ከሕፃንነታችን ያደግንበት ነው። ጠባቂዋ ይህን አስባ እዚያ ያስገባችን አይመስለኝም፤ ቦታው ቅርብ ስለሆነላት ነው። ግን አፋችንን የያዘው ከጣቷ ይልቅ ይኸው ነበር።

የቆዳ ጫማ ኮቴ ሰማን። ባዶው አዳራሽ ውስጥ እያንዳንዱ እርምጃ ሁለቴ ይሰማል። የአረብኛ ንግግር መጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። ቀጥሎ አንድ ወንድ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«አሰላሙ ዐለይኩም!» አለ።

አረብኛው ያረብ አልነበረም። የኛ አገር ሰው አፍ ነው። የራሴን ወንድም በሩ ላይ የሰማሁ መሰለኝ። ዙሪያዬን ስመለከት የሁሉም ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን ከአንዷም አይወጣም። ከቧንቧው ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ያን ሁሉ ከንፈር፣ ያን ጭጭታ እስከዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ።

ያን ጊዜ ወረባቦዋ ቀኝ እግሯን አነሳች። ከሽንት ቤት የሚወጣ ሰው ቀኙን ያስቀድማል። ደፉን ተሻገረች፣ የተሰበረውን ግራ እግሯን አስከተለች፣ መተላለፊያው ላይ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ቆመች። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ ሳትጮህ፣ እንግዳ ቤቷ እንደመጣባት ሴት ሆና፣ «ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ» አለች።

ጫማዎቹ ቆሙ።

«ሰው አለ እንዴ?» አለ ሰውዬው በአማርኛ።

«ማፊ አሐድ» አለ ሌላ ድምፅ። ማንም የለም።

ሦስተኛው ሳቀና በአማርኛ ቀጠለ። «በሐማሙ በኩል ነው የመጣው። ጅን ይሆናል!»

«አዑዙ ቢላህ» አለ የመጀመሪያው፣ እሱም ሳቅ እያለ። ጫማዎቹ ሲመጡ ከነበረው ፈጠን ብለው ተመለሱ።

ጠባቂዋ በእጅጌዋ ጎትታ አስገባቻት። አልመታቻትም። ፊቷን ብቻ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ኋላ ለመለየት እንደሚያይ ሰው።

«ምን ነካሽ አንቺ?» አልኳት አዳራሹ ስንመለስ።

«ሰላም አለኛ» አለች። «ምን ላድርገው ታዲያ?»

በማግስቱ ዜናውን ሰማን። የዚያኑ ዕለት ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት፣ በኋላ ጠባቂዋ መጥታ በጣቷ ጠራቻት። «አንቺ። እግር። ሐኪም።» ወረባቦዋ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ቀስ ብላ ወጣች። ምንም አልያዘችም። በሩ ላይ ዘወር ብላ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለችን።

አዳራሹ በሙሉ መለሰላት። ማንም አላሳጠረም። እስከ «ወበረካቱህ» ድረስ፣ ባንድ ድምፅ። ጠባቂዋ ቁልፏን እንደያዘች ቆማ ጠበቀችን።

ወረባቦዋ አልተመለሰችም። ያቺ እግሯ የተሰበረው የት ደረሰች ብዬ ጠየቅኩ። ጠባቂዋ ግንባሯን ቋጠረች። «የቷ? እንዲህ ያለች እዚህ አልነበረችም» አለችኝ። የቀለደች አልመሰለኝም። ብርድ ልብሷ እንደወጣችበት ጎበጥ ብሎ ነበር፤ ጠቦን እያለ እንኳ ማንም እዚያ ቦታ አልተኛም።

እኔን ከጊዜ በኋላ ከፊሌ ራሱ መጥቶ አስወጣኝ። ሚስቱ ወልዳ ሠራተኛ ቸግሯት ነበር። ዛሬም ጂዳ ነኝ፤ ኢቃማ አለኝ፣ እሠራለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። የወረባቦዋ እናት ስልኬን ካገር ሰው አግኝታ ደወለችልኝ። በየመሥሪያ ቤቱ ዞራለች። የሚነግሯት አንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ አዳራሹ ባዶ ስለነበር ልጅሽ እዚያ ልትሆን አትችልም፣ የምንፈልገውም ሰው የለም።

«ልጄ፣ ሞተች ቢሉኝ አለቅስ ነበር» አለችኝ። «አልነበረችም ለሚሉኝ ግን እንዴት አድርጌ ላልቅስ?»

ካራንቲና በሚባለው የጂዳ ሰፈር የማውቀው ሕግ የተማረ ያገር ልጅ ነው መንገዱን ያሳየኝ። «የት ናት ብለሽ አትጠይቂያቸው እትዬ፣ አናውቅም ብለው ይዘጉታል። ባዶ ነው ያላችሁት በምን ማስረጃ ነው በያቸው። መንግሥት እጅ ያለን መረጃ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው፤ ሕግ ወጥቶለታል።» ጻፍኩ። የእናቲቱ ወንድም አዲስ አበባ ወስዶ መግለጫውን ላወጣው መሥሪያ ቤት በእጁ አስገባው። መግለጫው ከሚመለከታቸው አካላት የተረጋገጠ ነው የሚል መልስ መጣ። ማን አረጋገጠ፣ በምን አረጋገጠ ብዬ ደግሜ ጻፍኩ። ዝም አሉ። ዝም ማለታቸውን ጠቅሼ አቤት አልኩ። መልሱ ብዙ ቆይቶ ደረሰኝ። የማዳሜን ልብስ እየተኮስኩ ነበር፤ መተኮሻውን ነቅዬ ቆሜ አነበብኩት።

ልዑኩ በአካል ተገኝቶ አዳራሹ ውስጥ ሰላምታ ማቅረቡን፣ ምላሽ የሰጠ ሰውም አለመኖሩን ይገልጻል።

ማስረጃው ይኸው ነው። በእምነታችን ምክንያት የዋጥነው ሰላምታ እኛ ላለመኖራችን ምስክር ሆኖ ቆሟል። ሸኽ ጠይቄ ነበር፤ እዚያ ቦታ ባለመመለስሽ ወንጀል የለብሽም ብለውኛል። አምናቸዋለሁ። ወረባቦዋም ይህን ሕግ አልጣሰችም፤ ወጥታ ነው የመለሰችው።

ስለዚህ እዚያ ለነበራችሁ እጽፋለሁ። እህቶቼ፣ ዛሬ ወሎም ሁኑ ቤይሩት ወይም ሪያድ፣ ስማችሁን አልፈልግም። ከሐማሙ የት ጋ ቆማችሁ እንደነበር፣ ወረባቦዋ ስትመልስ ምን እንደሰማችሁ ብቻ ለእናቷ ላኩላት። እኔ ከቧንቧው አጠገብ ነበርኩ።

አንተም ወንድሜ፣ በባዶው አዳራሽ ሰላም ያልከው። ስምህን አላውቅም፣ ድምፅህን ግን አውቃለሁ። ፍርድ ቤት ቁም የሚልህ የለም። በጥሩ ሴት አፍ፣ ሳይጎድል፣ ተመልሶልሃል። «ሰው አለ እንዴ?» ብለህ የጠየቅከው አንተው ነህ። እናቷ መልሱን ካንተ ትጠብቃለች። ነበረች በላት።