ባቡር ያቆመው የስለት ጃንጥላ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ታኅሣሥ፣ በገብርኤል ዋዜማ፣ እዚሁ ናይሮቢ ነው። ቀይ ነገር ባየሁ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው አልኩ።

ልጄ ማርያማዊት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በሕፃንነቷ ታማብኝ ለገብርኤል ጃንጥላ ተስዬ ነበር። ዳነችልኝ። ጃንጥላው ግን ዛሬ ነገ ሲባል ቆይቶ፣ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጣልኝ ገና ያን ሰሞን ነው። ቀይ ከፈይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው።

ማርያማዊት ደግሞ የባቡር ፍቅር አለባት። እኩዮቿ ስልክ ላይ ሲያፈጡ እሷ ሐዲድ ዳር ቆማ የባቡሮችን ቁጥር በደብተር ትጽፋለች። ስለ ምልክቶቹም የማታውቀው የለም።

"ማሚ፣ ማንኛውም ቀይ ነገር ከተውለበለበ ሾፌሩ የግድ ያቆማል" ትለኛለች፣ ሽንኩርት ስከትፍ።

"ዳዊቱን እንዲህ ብትሸመድጂው" እላታለሁ።

ያን ቀን ጃንጥላውን በፕላስቲክ ጠቅልለን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ከማታቱ፣ ከሚኒባስ ታክሲው፣ ወርደን ሐዲዱን በእግር ማቋረጥ ነበረብን። ማቋረጫው መዝጊያም ደወልም የለውም፤ ሰሌዳ ብቻ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ሰውዬ ከሰል የጫነ የእጅ ጋሪ ተይዞበታል። ጎማው ከሐዲዱ ጎን ተሰንቅሮ አልወጣ ብሏል። ሁለት ሴቶች ከኋላ ይገፉለታል።

ከኩርባው ወዲያ የባቡር ጡሩምባ ተሰማ።

"ተወው! ውጣ!" አልነው በስዋሂሊ። ሰውዬው ጭራሽ ጋሪውን አቀፈው።

"ልጆቼ የሚበሉት ከዚህ ነው፣ ማማ" አለኝ።

በዚህ መሃል እጄ ባዶ ሆነ። ማርያማዊት ጃንጥላውን ነጥቃኝ፣ ፕላስቲኩን ቀድዳ፣ በሐዲዱ ዳር ወደ ባቡሩ ትሮጣለች። እየሮጠች ዘረጋችው።

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የጮኽኩት "ጃንጥላው!" ብዬ ነው። "ልጄን!" ያልኩት ቀጥዬ ነው። ገብርኤል ይቅር ይበለኝ።

ልጅቷ ያንን ከባድ ጃንጥላ ግራና ቀኝ ታወዛውዘዋለች። የዕቃ ባቡር ነበር። ብረቱ ጥርስ በሚያስነክስ ድምፅ እየተፋጨ መጣ፣ መጣና ከጋሪው አንድ ማታቱ የሚያስቆም ቦታ ሲቀረው ቆመ።

ሾፌሩ ጭንቅላቱን አውጥቶ ጃንጥላውን አየ፣ ነጠላዬን አየ።

"ማማ፣ ሌኦ ኒ ሃሩሲ?" አለኝ እየሳቀ። ዛሬ ሠርግ ነው ወይ ማለቱ ነው።

በጣቴ ጋሪውን አሳየሁት። ሳቁን ትቶ ወረደ፤ ከእኛ ጋር ገፋ። ጎማው ወጣ። ባለጋሪው የልጄን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው። እሷ ግን ልቧ ሌላ ጋ ነበር።

"ማሚ፣ ደብተሬን! ቁጥሩን ሳልጽፍ ሊሄድ ነው!"

ሾፌሩ እስክትጽፍ ጠበቃት። ሲሄድም ጡሩምባውን ሁለቴ ነፋላት።

ከዚያ በኋላ ነው ጃንጥላውን ያየሁት። አንዱ ሽቦ ታጥፏል፣ ዘርፉ ተንጠልጥሏል። እኔ ያደግሁት ለስለት የወጣ ዕቃ ለሌላ ነገር አይውልም እየተባልኩ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ እንባዬ መጣ።

አባ ሁሉንም ሰምተው ጃንጥላውን ተቀበሉኝ። "ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሰው አድኖ ነው የመጣው። ይልቅ መርፌ አምጪ" አሉኝ።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሰፋሁት።

በማግስቱ ታቦቱ ሲወጣ የእኛም ጃንጥላ ተዘርግቶ ነበር። ሽቦው በታጠፈበት በኩል ዘንበል ብሏል። ማርያማዊት ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ "ማሚ፣ ያው፣ የኛው" አለች። እልል ልል አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ደብተሯ ሲያልቅ የምገዛላት እኔ ነኝ። ባለ ቀይ ሽፋኑን እመርጣለሁ።