ወንዝ የማያሻግር እንጉዳይ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ባለቤቴ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ነርስ የሆነችው ልጃችን፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አረም የመጣ አንድ ሠራተኛና እኔ ነን።

ክረምቱ እንደገባ ባለቤቴ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ልጃችን ዳስሳ ሳትውል ሳታድር ጎንደር ሄዳ እንድትመረመር ነገረቻት። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት በራሴ ነው። ለዚህም ይሆናል ያነበብሁትን ለሰው ማሰማት የምወደው። ያን ሰሞን በስልኬ ያገኘሁትን ጽሑፍ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ከሚበሉ እንጉዳዮች የወጡ ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ የካንሰር ሕዋሳትን እድገት ገትተዋል ይላል። ዝቅ ብሎ፣ በሰው ላይ ገና እንዳልተረጋገጠና ሕክምናን እንደማይተካ ተጽፏል። እዚያ ስደርስ እሷ ቅርጫቷን ይዛ ወጥታለች።

ቆላ ተወልዳ ያደገች ናትና ኩይሳ ላይ ከሚበቅለው የሚበላውን አሳምራ ትለያለች። ጠዋት ጠዋት እየቀቀለች ትበላ ጀመር። ይህስ ባልከፋ። ግን መድኃኒት የያዘ ሰው ወንዝ ከተሻገረ መድኃኒቱ ይከሽፋል ይባላል፤ ይህን ልማድ በእንጉዳዩ ላይ አዋለችው። ጎንደር ደግሞ ወንዝ ሳይሻገሩ አይደረስም። ልጃችን ለመነች፣ አለቀሰች። እኔ ተቆጣሁ። በቁጣ ሃሳቡን የለወጠ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

አንድ ቀን የለቀመችውን በሙሉ በሽንኩርትና በበርበሬ ራሴ ወጥ ሠራሁት። እሷም ባለችበት፣ ማሳችን ዳር በተሠራው ዳስ ውስጥ ለአራሚዎቹ ምሳ አቀረብሁ። ደገኞች ናቸው፤ እንጉዳይ መብላት አልለመዱምና አንዱም እጁን አልዘረጋ። የጎጃሙ ሠራተኛ ትሪውን አየና፣

«ጋሼ፣ ይኼ የጅብ ጥላ ነው እኮ። ባለቤቱ ማታ ሲፈልገው ምን ልንለው ነው?» አለ።

ዳሱ በሳቅ ተሞላ። እኔ አስቀድሜ ጎረስሁ። እሱ ተከተለ፤ ደገመና ጨው በዝቶበታል አለ። ከዚያ ሁሉም ቀረቡ። ወደ ባለቤቴ ዞርሁ።

«መድኃኒት የሚሰጠው ለታመመ ነው። ይህን ጤነኛ ሁሉ በላው። መድኃኒት ነው ወጥ?»

ከትሪው አንድ ጎረሰች።

«ወጥ ነው» አለች፤ «ያውም ያላማረበት። አንቱ ከዚህ ወዲያ ምድጃ አይጠጉ።»

በማግስቱ ከልጃችን ጋር በትራክተር ተሳቢ ወንዙን ተሻገርን።

ጎንደር በመርፌ ናሙና ወሰዱላት። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር አልነበረም። ሰውን ሁሉ ጽና እያልሁ የምመክር እኔ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። ባለቤቴ ናት ደግፋ ያነሳችኝ።

ግማሽ ንባብ ካለማንበብ እንደሚብስ ለልጆቼ ስነግር በሌላ ሰው አላሳብብም፤ ጽሑፉን ሳልጨርሰው ያሰማሁት እኔ ነኝ። እንጉዳዩን ዛሬም ትለቅማለች፤ ስለሚጣፍጣት።

መሳፈሪያው፣ ምርመራው፣ ልጃችን ያለ ደመወዝ የቀረችባቸው ቀናት፣ ማሳችንን ሊጠብቅልን ሲል ሠራተኛው የተወው የሌላ ሥራ ክፍያ፣ አረም የበላው ሰሊጥ፣ ሁሉም ሲደመር የሦስት ኩንታል ሰሊጥ ዋጋ አስወጣን።