የፈረሱና የኮከቡ ሙግት

እንደ እኛ ቤት ሽጉጥ ሳይኖረው በሽጉጥ የተሟገተ ቤት በመንዝ ምድር ያለ አይመስለኝም። ነገሩን ያመጡት አባቴ ናቸው። ያመጡትም ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ካላደረጉ እንደማይድኑ በነገራቸው ሰሞን ነው።

ሕመማቸው ቡአ ነው። አባቴ ስሙን አይጠሩትም፤ እንደ ጎረቤት ማሳ «የታችኛው» ይሉታል። ደብረ ብርሃን ያያቸው ሐኪም እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ አንጀታቸው እዚያ ገብቶ ከታነቀ ከመንዝ እስከ እሱ ዘንድ የሚያደርስ ጊዜ ላይኖር እንደሚችል ነገረኝ። ወጥቼ ለአባቴ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። ግማሹም በቅቷቸዋል።

«እሺ፣ እታከማለሁ» አሉኝ። «ግን ቢላዋ ሥር የሚገባ ሰው አስቀድሞ ለቅሶውን ያሰናዳል። እኔ ደግሞ የሚለቀስበት ዕቃ የለኝም።»

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው ላይ ዕቃው ይወጣል። ጠመንጃው፣ በርኖሱ፣ ካለችውም በቅሎው፣ በለቀስተኛው መሀል ይዞራሉ። አልቃሿ ጠመንጃውን እያየች ትገጥማለች፤ ሰው ያነባል። አባቴ ጠመንጃ አላቸው። ፈቃድ ያለው አሮጌ ምንሽር ነው፤ ሲተኩሱበት አይቼ አላውቅም። የጎዳቸው ደግነታቸው ነው። በመንደሩ ጠመንጃ የሌለው አባወራ በሞተ ቁጥር ልጆቹ እየመጡ «አባታችን ባዶውን እንዳይለቀስ» ሲሏቸው ያውሱ ነበር። በዚያ ምንሽር ያልተለቀሰበት ቤት የለም።

«እሱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ገና ሲወጣ ሰው ሁሉ የየራሱን ሙት ነው የሚያስበው። ለእኔ ብሎ አንዲት ዕንባ የሚያፈስ አይገኝም።»

እውነታቸውን ነው፤ እኔ ራሴ ያንን ጠመንጃ ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የሞተው አጎቴ ነው።

ያን ሰሞን አባቴ ራቤል ከተማ ለቅሶ ደርሰው መጡ። የሞቱት ጡረታ የወጡ መኮንን ነበሩ። ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ። የመኮንኑ ሽጉጥ ቀይ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ የሬሳ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር አሉ፤ ጎኑ ላይ በኋላ እግሩ የቆመ ፈረስ ተቀርጾበታል። የሟቹን ልጅ ጠይቀው ነበር። ልጁም ንድፉ የአሜሪካ የጥንት እንደሆነና አሁን ብዙ አገር እንደሚሠራው ነግሯቸዋል።

«አንቺ ስልክ አለሽ፣ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ማን ማን እንደሚሠራት፣ የትኛዋ እንደምትሻል እይልኝ።»

እኔ መሐል ሜዳ ከተማ መሬት አስተዳደር ነው የምሠራው። ሳምንቱን ሙሉ ወሰን ተገፋብኝ ከሚል ሰው ጋር ስጨቃጨቅ ሰንብቼ እሑድ አባቴ ዘንድ የምሄደው አእምሮዬን ላሳርፍ ነበር። ለሽጉጥ አዲስ ፈቃድ እንደማይሰጥ ከሚመለከታቸው ሰዎች ጠይቄ ነገርኳቸው። አልደነገጡም። «ፈቃድ የሚጠየቀው ዕቃው ተለይቶ ከታወቀ በኋላ ነው» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ስለዚህ አየሁላቸው። ሽጉጧ ዕድሜዋ ከአባቴ ይበልጣል። አንዴ ስትተኩስ ቀጣዩን ጥይት ራሷ ታቀባብላለች። የነደፋት አንድ ሰው ነው፤ ሠሪዋ ግን እንደ አሸን የፈላ ነው። ባለ ፈረሱ የአሜሪካው፣ የመጀመሪያው ነው። ባለ ኮከቡ የስፔን ነው። ፊሊፒንስም ይሠራል፤ የእሱ ጎኑ ላይ ፊደል ብቻ ነው ያለው። ስለ እሷ የሚጨቃጨቁ የባሕር ማዶ ወንዶች ጽሑፍ ደግሞ መዓት ነው። አንዱ ስለ ምላጯ ልስላሴ የጻፈውን አንብቤ ሳልጨርስ ምሳ ሰዓቴ አለፈ። ሌላው ትራሱ ሥር ካላደረጋት እንቅልፍ አይወስደውም። ሣጥን ላይ ስትጋደም የትኛዋ እንደምታምር የጻፈ ግን አንድም አላገኘሁም።

ለአባቴ በአጭሩ ላስረዳቸው ሞከርኩ። «ነዳፊው አንድ ነው። የእሱ ብቻ የነበረችበት ጊዜ ሲያልፍ የፈለገ ሁሉ ይሠራት ጀመር።»

ዐይናቸው በራ። «ርስት ነዋ።»

«ምኑ?»

«አቅኚው አባት አንድ፣ ልጆቹ ብዙ። ዘሩን ቆጥሮ የመጣ ይካፈላል። ታዲያ ይህ መምረጥ ይባላል? ሙግት ነው እንጂ። የትኛው የልጅ ልጅ እንደሆነ፣ የትኛው በጉልበት እንደገባ በሽማግሌ ይታያል።»

አባቴ ወጣትነታቸውን የጨረሱት በርስት ሙግት ነው። ባላጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ በአንዲት ቁራጭ መሬት ላይ ሁለቱም የዘር ሐረጋቸውን እየቆጠሩ ዘመናት ተካሰሱ። ከዚያ የመሬት አዋጁ መጣና መሬቱንም ነገሩንም ወሰደባቸው። መሬቱን ረስተውታል። ሙግቱን ግን አንዳቸውም አልረሱም። አባቴ ሄደው «ባለ ፈረሱን እኔ ይዣለሁ፤ ባለ ኮከቡን ትይዛለህ ወይ?» ሲሏቸው፣ ጎረቤታችን የምን ኮከብ ብለው አልጠየቁም። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ነው የጠየቁት።

ዳኛ ሆነው የተሰየሙት የንስሐ አባታችን ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ግቢያቸው ውስጥ፣ ከጓሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ እየቆረጠ፣ ሁላችንም ባና ተከናንበን ተቀመጥን። አባቴ ብድግ ብለው በርኖሳቸውን አስተካከሉ፤ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ጀመሩ። «ባለ ፈረሱ በኩር ነው። ሌላው ሁሉ የመጣው እሱ ቤቱን ከሠራ በኋላ ነው።»

ጎረቤታችን ተነሡ። «በኩርነት ብቻውን አያወርስም። ኤሳውም በኩር ነበር።»

የንስሐ አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህ ከባድ ነጥብ ነው። እኔ ስልኬን ይዤ እንደ ምስክር ተጠራሁ። አባቴ በንድፉ ላይ ከእጀታው ጀርባ በመዳፍ ካልተጨበጠ አላስተኩስም የሚል መቆለፊያ መኖሩን አናዘዙኝ። ቀጥለው ባለ ኮከቡ ይህ መቆለፊያ ይኑረው አይኑረው ጠየቁኝ። እንደሌለው ተናገርኩ።

«ይኸው» አሉ አባቴ። «ፊቱ አባቱን ይመስላል፤ ጀርባው የሌላ ነው።»

«ለቅሶ ላይ የሚተኩስ ማን አለ?» አሉ ጎረቤታችን ቀስ ብለው። «መቆለፊያው የሚጠብቀው ማንን ነው? ሟቹን ነው?»

የንስሐ አባታችን ብዙ አሰቡ። ለፈረሱ እንዳይፈርዱ፣ ፈረስ የጊዮርጊስ ነው ብለው አዳሉ እንዳይባሉ ፈሩ። ለኮከቡ እንዳይፈርዱ ደግሞ ኮከብም የቤተ ልሔም ነው። አባቴ ይህን ጊዜ ጠብቀው ተጨማሪ ምስክር አለኝ አሉና ቀጠሮ ለመኑ። ተሰጣቸው። በሚቀጥለው እሑድ ጎረቤታችን ለመኑ። ተሰጣቸው። ሁለት ሽማግሌዎች በዓይናቸው ያላዩትን ብረት ይዘው እንዲህ ወዛቸው ሲመለስ ማየት ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም።

ከዚያ አንድ እሑድ አባቴ ንግግራቸውን መሀል ላይ አቋረጡ። ዘንጋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላብ አፈለቀ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ትንሽ ቆይቶ ሕመሙ ለቀቃቸውና ካቆሙበት ቀጠሉ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ የምሰማው የሐኪሙን ቃል ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ንዴቴን አልቻልኩትም። «አባባ፣ ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው? አንጀትዎ ቀጠሮ አይሰጥዎትም እኮ።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ። «ሙግት ላይ ያለ ሰው አይሞትም። አባቴ ነገር ላይ ሳሉ ተስቦ ይዟቸው ተነሥተዋል። ረቱ፤ በረቱበት ማግስት ጉንፋን ወሰዳቸው።»

እኔ ይህን እንደ ጨዋታ ወሰድኩት። በማግስቱ የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «አባ፣ ይፍረዱላቸውና ይታከሙልኝ» አልኩ። አዘኑልኝ። በተከታዩ እሑድ ተነሥተው፣ ግራ ቀኙን ሰምተናል፣ ርስቱ የባለ ፈረሱ ነው ብለው ፈረዱ።

ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው ፍርዱን ተቀበሉ። ቀና ሲሉ ዐይናቸው ቀልቷል። አባቴ «ረታሁ» አሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም። ቤት ገብተው መደቡ ላይ ወጡና ባናቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡት።

«ነገ በጠዋቱ መኪና ደብረ ብርሃን እንወርዳለን» አልኳቸው።

«ምን ቀረኝና?» አሉ። «ነገሬ አለቀ። የሚለቀስብኝም ዕቃ ታወቀ። ከእንግዲህ መቀደድ ለምኔ ነው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለምኛቸዋለሁ። አልቅሻለሁ። ጎረቤታችንም መጥተው «ከመሞት መሰንበት» አሏቸው፤ የእሳቸውም ልብ ስላልነበረበት አልያዘላቸውም። በማግስቱ አልተነሡም። በሦስተኛውም ቀን ምግብ ገፉ። ለመንዜ የሚፈረድለት ቀን ከሚፈረድበት ቀን እንደሚከፋ ያን ጊዜ ገባኝ። ጀርባቸውን እያየሁ ቆሜ ተናደድኩ፣ ፈራሁ፣ እንደገና ተናደድኩ።

«እኔ ፍርዱን አልቀበልም» አልኩ። «ይግባኝ እላለሁ።»

ባናው አልተንቀሳቀሰም። ቆየት ብሎ ከግድግዳው በኩል ድምፅ መጣ። «በምን ምክንያት?»

«ሳይጠራ የተፈረደበት ወራሽ አለ። ባለ ፊደሉ፣ የፊሊፒንሱ። እኔ እሱን ይዣለሁ።»

«ዘር ቆጥረሽ ልትረቺ?»

«ከአቅኚው ንድፍ ፈቀቅ ያላለ እሱ ነው። ባለ ፈረሱ እንኳ ሆዱ ውስጥ በኋላ የጨመረው ነገር አለ፤ አንብቤያለሁ። ጀርባ ጀርባ ከተባለ የእርስዎም ይታያል።»

አባቴ ዞሩ። ከዚያ በክርናቸው ተደግፈው ተቀመጡ። እንዲያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም፤ እንዲያም አምሮባቸው አይቼ አላውቅም። «ድፍረትሽ» አሉ። «በአባትሽ ላይ?» ቀጥለው የሚበላ ነገር ጠየቁ።

የንስሐ አባታችን ይግባኙን ተቀበሉ። ቀጠሮውን ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ አደረጉትና፣ ተከራካሪ ሁሉ በአካል እንዲቀርብ፣ ቀጥ ብሎ መቆም የማይችል ግን እንደማይሰማ አስታወቁ። ይህን የመጨረሻውን በሉልኝ ብዬ እኔ አልለመንኳቸውም፤ ከራሳቸው ያመጡት ነው። ለአባቴ ነገርኳቸው። «እንግዲያ ይህን የታችኛውን አስነቅዬ መምጣት አለብኝ» አሉ። «ጎብጬ አልከራከርም።»

ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ የፊሊፒንሱን ወራሽነት ለተሳፋሪው ሲያጣጥሉ ሄዱ። ተሳፋሪው ለሁለት ተከፈለ። ሆስፒታል ደርሰው አረንጓዴውን ቀሚስ አለበሷቸው። በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ውስጥ ሊገፏቸው ሲሉ የእጄን አንጓ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ፈርቻለሁ» አሉኝ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። «እኔም ፈርቻለሁ» አልኩ።

«ካልወጣሁ ይግባኙን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ባላጋራ ካልቀረበ እኔ እረታለሁ። ባለ ፊደሉን አምጥቼ በእሱ አስለቅስብዎታለሁ።»

«አታደርጊውም» አሉና ለቀቁኝ። በሩ ተዘጋ። በዚያ ኮሪደር ላይ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ የማላውቀውንም ጀመርኩ።

ወጡ። ሲነቁ መጀመሪያ ውሃ ጠየቁ፤ አልተሰጣቸውም። ቀጥለው ፍርድ ተነብቦ እንደሆነ ጠየቁ። አልተነበበም ስላቸው እፎይ ብለው ተኙ። እኔ እጃቸውን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በአጠገባቸው ያለው አልጋ ላይ ከመርሐቤቴ የመጣ ጎልማሳ ነበር፤ እሱም በማግስቱ ሊቀደድ ነው። ከገባ ጀምሮ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ምግቡን ሳይነካ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። አባቴ ጀርባውን ሲያዩት ቆዩ።

«ወንድሜ» አሉት። «ነገር አለህ?»

ሰውየው ሳይዞር «የምን ነገር?» አለ።

«ሙግት፣ ክርክር። በወሰን ይሁን፣ በበግ ይሁን።»

«ምንም የለኝም፣ አባባ።»

አባቴ ዘመድ የለኝም እንዳላቸው ሁሉ ደነገጡ። እኔን አዩኝ፣ መልሰው እሱን አዩት። «እንግዲያ በእኛ ጣልቃ ግባ» አሉት። «ባለ ኮከቡን የያዘው ሽማግሌ ደክሞታል፤ አጋዥ ይፈልጋል። ቀጠሮው ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ነው። በአካል መቅረብ ግዴታ ነው።»

«እኔ ስለ ሽጉጥ አላውቅም» አለ ሰውየው፣ ነገሩ ሲብራራለት።

«እኛም አናውቅም» አሉት አባቴ።

ሰውየው በጀርባው ተንጋለለ። ከዚያ በክርኑ ተደግፎ ወደ እኛ ዞረና፣ «በኩሩ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ስልኬን አውጥቼ ሥዕሎቹን አሳየሁት።