ያልጠቆረው ጨርቅ

የስፌት መኪናዬን ዘይት ስቀባ ሽታው ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ አጠገብ ወደነበረው አፓርትመንታችን ይወስደኛል። አባዬ በርካሽ የገዛው ጠመንጃ ነበረው። ቅዳሜ የተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ሄዶ ዒላማ ይተኩስና ሲመለስ ፈታትቶ ጥቀርሻውን በጨርቅ ይወለውላል፤ ዘይትም ይቀባዋል።

የአባቱ መርዶ የመጣ ዕለት ግን ለቀስተኞቹ እንደወጡ ሬንጅ ሳይሄድ ጠመንጃውን ፈታው።

«ዛሬ አልተኮስክበትም እኮ! ለምን ክሊን ታደርገዋለህ?» አልኩት።

«አገር ቤት ብሆን አባቴ ሲቀበር እተኩስለት ነበር።»

እማዬ ከኪችን ሮጣ መጣች። «እዚህ እንዳትሞክረው! ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብናል።»

«አውቃለሁ» አላት። ንጹሑን ብረት ወለወለው፤ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ወጣ። ለእኔ አሳየኝና «ዛሬ ነበር መጥቆር የነበረበት» አለኝ።